የቀሩትን የኮምፒውተር ፋኖች ማን ሰካቸው?

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ቅዳሜ ዕለት ነው፤ በእጄ የገጣጠምኩትን ኮምፒውተር ላስመርቅ ብዬ እንግዳ የጠራሁ ቀን። እኛ ሰው ቤት ባዶ እጃችንን አንሄድም። መልካም ጸባይ ነው። ግን ይኸው መልካም ጸባያችን ስንት ማዘርቦርድ እንዳቃጠለ ማን አጥንቶት ያውቃል?

እኔ አገር ቤት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ እዚህ ሰው አገር ግሮቭፖርት በሚባል ሰፈር፣ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን የምገፋ ሰው ነኝ። ስለዚህ ያ ኮምፒውተር ለእኔ ዲግሪዬ ነበር። ጥፋቴ፣ አብሮኝ ለሚሠራው ለከድር "ትንሽ ይሞቃል፣ ማቀዝቀዣ ፋን ሳያንሰው አይቀርም" ማለቴ ነው። ለከድር የተነገረ ነገር ከፎረስት ፓርክ ሰፈር ደብሊን ሰፈር ለመድረስ ሃይዌይ አያስፈልገውም። የመጣው እንግዳ ሁሉ ፋን ይዞ መጣ። ኮምፒውተር ከፍተው የማያውቁት እትዬ ዘነበች እንኳ፣ እንደ ሠርግ አዳራሽ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ፋን በፌስታል አንጠልጥለው፣ "ያው የሚያበርድ ነገር ነው አሉኝ፣ ልጄ" እያሉ ገቡ።

አመስግኜ ስጨርስ ቆሜ አስረዳሁ። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የፋን መሰኪያ አቅሟ ትንሽ ነው፤ ይህን ሁሉ ፋን ቤት ባለኝ ማከፋፈያ ሽቦ እሷ ላይ ብናንጠለጥለው ትቃጠላለች። ኃይሉን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ኃይል ሰጪ፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወስድ ሃብ የሚባል ማገናኛ ኦርደር አድርጌያለሁ፣ ሰኞ ይደርሳል፣ እስከዚያ ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ አልኩ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጋሼ ሙሉጌታ፣ እኛ ድሮ ግቢው በሙሉ በአንድ የመብራት ቆጣሪ ነበር የምንኖረው ብለው አጉረመረሙ። ከድር ደግሞ "የራስህን ሰክተህ የእኛን ሳጥን ውስጥ?" አለኝ። እትዬ ዘነበች ሳጥኑን በሐዘን አዩት።

ከዚያ አንድ እንግዳ ልሸኝ ወጣሁ። የእኛን ሽኝት ታውቁታላችሁ፤ በር ላይ ይጀመራል፣ መኪናው ጋ ይታደሳል፣ መስኮት ወርዶ ደግሞ የቤተሰብ ጤና እንደ አዲስ ይጠየቃል። ስመለስ ፋኖቹ በሙሉ ይዞራሉ! ሳሎኑ በቀይና በሰማያዊ ብርሃን ተጥለቅልቋል፣ እትዬ ዘነበች እልል ይላሉ፣ ጋሼ ሙሉጌታ ያጨበጭባሉ። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ማጥፊያው ጋ ሳልደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

ማን ሰካው ስል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ባለቤቴ ሂሩት "ኢንጂነሩ አንተ ነህ" ብላ ነገሩን ዘጋችው። ሁለት ክረምት አለፈ፤ እስከ ዛሬ ሰው ቤት ሄጄ ማይክሮዌቭ ስነካ "ኧረ ተው፣ ኢንጂነር!" ይሉኛል። ኮምፒውተሩ አዲስ ማዘርቦርድ ገብቶለት፣ በሃብ በሰላም ይሠራል። የእትዬ ዘነበች ፋንም በክብር ትዞራለች። ስሜ ብቻ እንደተቃጠለ ቀረ።

ግን ቆይቼ ሳስበው፣ ያን ቀን ፋን ያላመጣች አንዲት ሰው ነበረች። ማከፋፈያ ሽቦውን ማንም እንዳይነካው ወጥ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፌስታል ሥር ነበር የደበቅኩት፤ ያንን መሳቢያ ከእሷ በቀር የሚከፍተው የለም። እንግዳ ያመጣው ስጦታ ዓይኑ እያየ ሳጥን ውስጥ ሲቀር፣ ከባለ ስጦታው ይልቅ የሚያማትም እሷን ነው።

ሂሩትዬ፣ አልቆጣም። ይህን እያነበብሽ እንደምትስቂም አውቃለሁ። ሳቅሽን ስትጨርሺ ግን መልሺልኝ፦ ማን ሰካው?