ክሩዝ የታሰረበት ሞተር

ስጋት የበዛበት ሰው ጆሮው አያስተማምንም። የሌለ ኮቴ ይሰማል፤ የተነገረውን ደግሞ ልቡ እንዲያርፍ አድርጎ ለራሱ ይሰፋዋል። እናንተ ደህና ትሆኑ ይሆናል፤ እኔ ግን ከወለድኩ ወዲህ እንዲህ ሆኛለሁ። ልጄ ማኅደር ስታስነጥስ እደነግጣለሁ። ዝም ስትል ይብሳል።

ባለቤቴ ደሳለኝ ላሊበላ ውስጥ በሞተር ሰው እያመላለሰ ነው የሚያኖረን። አንድ ቀን ከወልድያ መለዋወጫ ገዝቶ ሲመለስ ደስ ብሎት፣ "ሞተሩ ላይ ክሩዝ አሰርኩበት" አለኝ። እኔ የሰማሁት ክር ነው። ልጄ በክርስትናዋ ዕለት አንገቷ ላይ እንደታሰረላት ያለ ማተብ። ለሞተርም ይታሰራል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ እንዲያውም ከሰው ይልቅ ለሞተር ያስፈልገዋል። ለአማቴ ብነግራቸው "እሰይ ልጄ፣ ልብ ገዛ" ብለው መረቁት። እኔም ደህና እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ።

ታዲያ ባለፈው እናቴን ልንጠይቅ ወደ ገነተ ማርያም ስንሄድ፣ ማኅደርን በአንቀልባ አዝዬ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። ጃኬቱን በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዣለሁ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ቀኝ እጁን ከመሪው አነሳ። ሞተሩ ግን ፍጥነቱን ሳይቀንስ መሄዱን ቀጠለ።

"እጅህስ?" አልኩት።

"ክሩዙ ይዞልኛል።"

"ክሩ?"

"የምን ክር? ነዳጅ መስጫውን ጠፍሮ የሚይዝ ላስቲክ ነው። አዳዲስ መኪና ላይ ያለው ዓይነት፣ የድሃ ክሩዝ።"

ስንት ቀን በላስቲክ ተማምኜ እንደተኛሁ አስቡልኝ።

ይህን ስንባባል ገብስ የጫነች አህያ መንገዱ መሃል ገባች። ደሳለኝ እጁን መልሶ ፍሬን ሲይዝ፣ ሞተሩ አፍንጫዋ ሥር ደርሶ ቆመ። ባለአህያው ሽማግሌ አልተቆጡም። "ልጄ፣ እኔ ይቺን እንኳ ለራሷ አልተውኳት" ብለውት አለፉ።

የተቆጣሁት እኔ ነበርኩ።

"እጅህን ምን ልታደርግበት ነው የለቀቅከው? ልታጨበጭብ?"

"በስፖኪዮ አይቼ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ካልሲዋ ወልቋል። በመዳፌ ልይዝላት ብዬ።"

ዞር ብዬ ሳይ እውነቱን ነው፤ የማኅደር እግር ከአንቀልባው ወጥታ ባዶዋን በላስታ ንፋስ ትገረፋለች። ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ዋጥኩት።

"ላስቲኩን ፍታው" አልኩት።

"እግሯስ?"

"እኔ እይዛለሁ።"

ለአፍ ቀላል ነው። እግሯን ለመያዝ ከጃኬቱ አንድ እጄን መልቀቅ አለብኝ፤ እኔ ደግሞ ሞተር ላይ ወጥቼ አንድ ጣት እንኳ ለቅቄ አላውቅም። ላስቲኩን ፈትቶ ኪሱ ከተተውና ተነሳን። ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅኩ። ቀዝቃዛዋ እግር መዳፌ ውስጥ ገብታ ጣቶቿን አጠፈች። ደሳለኝም እንደዚያን ቀን ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም።

አሁን እሱ ሞተሩን ይይዛል፣ እኔ እግሯን። እኔን ማን እንደሚይዘኝ ገና አልተነጋገርንበትም።