ሁለት መቶ ሴት፣ አንድ ቁልፍ

እስቲ ያችን ቁልፍ ተመልከቱ። የልብስ ፋብሪካው የሴቶች ሽንት ቤት ቁልፍ ናት። ማንም ኪሷ ከትታት እንዳትሄድ ክንድ ከሚያህል እንጨት ጋር ታስራለች። ሁለት መቶ ሴት፣ አንድ ቁልፍ! የወሰደች ሁሉ የመታወቂያ ቁጥሯን መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ቆጣሪው አለቃ ነው፤ ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም። ዛሬ አንዷን ልብስ ሰፊ ቢሮው አስጠርቷታል። ሥራዋ ይቀጥል አይቀጥል የምትሰማው እዚህ ጠረጴዛ ፊት ነው።

አለቃ፦ ዛሬ ስንተኛሽ ነው?

ሰፊዋ፦ ከምሳ በፊት ያለውን ነው የሚጠይቁኝ ወይስ ከምሳ በኋላ ያለውን?

አለቃ፦ (መዝገቡን በጥፊ እየመታ) ይሄ ፋብሪካ ነው ወይስ ምንጭ?

ሰፊዋ፦ ፊኛዬን ያመኛል አለቃ። ሲሞላ ያቃጥለኛል፤ ስሸና ትንሽ ፋታ ይሰጠኛል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ሁለት ዓመት ሆነኝ።

አለቃ፦ የምርመራ ወረቀትሽ «ኢንፌክሽን የለም» ይላል። የለም ማለት የለም ነው!

ሰፊዋ፦ ኢንፌክሽኑ ነው የሌለው። ሕመሙማ አለ።

አለቃ፦ ወረቀት ይዋሻል ልትይ ነው?

ሰፊዋ፦ ኧረ ምን በወጣው! ፊኛ የለው፣ ምን ቸግሮት ይዋሻል?

አለቃ፦ ውሃ ቀንሺ!

ሰፊዋ፦ ቀንሼ ነበር፤ ባሰብኝ።

አለቃ፦ እንግዲያው ጭንቅላትሽ ነው! የሌላው ሴት ፊኛ ከምን ተሠራ? የኔን ባለቤት እያት፤ እዚሁ ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው። ብረት ናት! አመመኝ ብላኝ አታውቅም።

ሰፊዋ፦ ታድለዋል። ያየችኝ ሐኪም ግን፣ ከመቶ ሴት ከሦስት እስከ ስድስቱን እንዲህ ያማቸዋል የሚሉ ጥናቶች አሉ አለችኝ። እኔ ሒሳብ አይገባኝም፤ ከሁለት መቶ ስንት ይመጣል?

አለቃ፦ (ኮራ ብሎ) ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት። ይሄ ምን ያቅታል?

ሰፊዋ፦ ታዲያ የቀሩት የት ገቡ?

አለቃ፦ የሉማ! አንቺ ብቻ ነሽ!

ሰፊዋ፦ መዝገቡ ላይ እንደኔ የምትመላለስ የለችም?

አለቃ፦ (እየገለጠ) እ... በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ የሚሄዱ ዘጠኝ ቁጥሮች አሉ። አንቺን አይተው ነዋ! ተጋብቶባቸው!

ሰፊዋ፦ ምነው ታዲያ ስፌቴ አልተጋባባቸው?

አለቃ፦ አትቀልጂብኝ! ከመዝገቡ አንደኛ የወጣችው ዛሬ ተሰናብታለች። ደብዳቤው ተፈርሞ የፋብሪካው በር ላይ ተለጥፏል። በስም ሳይሆን በቁጥር! ስም ያዳላል፣ ቁጥር አያዳላም። አንደኛዋ አንቺ ካልሆንሽ ማን ትሆናለች? በይ መታወቂያሽን!

ሰፊዋ፦ (ከአንገቷ አውልቃ) ይኸው፣ ሰባ ሦስት።

አለቃ፦ ሰባ... ደብዳቤው እኮ የአሥራ ሰባት ነው!

ሰፊዋ፦ እኔማ አራተኛ ነኝ። አንደኛ መውጣትም እንዲህ በቀላሉ መስሎዎት?

አለቃ፦ ታዲያ አሥራ ሰባት ማን ናት?

ሰፊዋ፦ አያውቋትም እንዴ? ማሸጊያ ክፍል፣ ለሽንት ቤቱ ቅርብ ይሁን ብላ ቦታ የለመነችው። አሁን እንኳ ብረት ሲሏት ነበር።

(መዝገቡ ከእጁ ወደቀ።)

አለቃ፦ ባለቤቴ? ምንም ብላኝ አታውቅም እኮ!

ሰፊዋ፦ አንዴም?

አለቃ፦ አንዴ... አምና አካባቢ...

ሰፊዋ፦ ምን አሏት?

አለቃ፦ (ድምፁ ጠፍቶ) ውሃ ቀንሺ።

(ደብዳቤውን ሊገነጥል እየሮጠ ወጣ። ሰፊዋ መታወቂያዋን መልሳ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች፤ ቁልፏን ከነእንጨቷ ከጠረጴዛው አንስታ ወደ ጉዳይዋ ሄደች።)

አንተ የምታነበው፣ በሰውየው ስቀህ ስታበቃ ዛሬውኑ ቤትህ ያለችውን ሴት ጠይቃት። መልሷን እስክትጨርስ ድረስ ግን፣ እባክህ፣ አፍህን ዝጋ።