አሮጊቷን ዲኤክስ ከሌባ የማዳን ጥበብ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ጭንቀቱን የሚያዋየው አያገኝም። አዲስ መኪና የገዛ «ሌባ ሰጋሁ» ቢል አገር ከንፈሩን ይመጥለታል፤ ዘበኛ ቅጠር፣ አጥርህን ከፍ አድርግ ይለዋል። የኔ ቢጤው ያንኑ ሲል ግን «ያንተን? ማን አብዶ!» ተብሎ ይሳቅበታል። እስቲ አሁን ይሄ ማጽናኛ ነው ስድብ? አንዱ ወዳጄማ አፉን ሞልቶ «ቢወስዳትም ማታውኑ ይመልሳታል» ብሎኛል።

እናንተም በልባችሁ ከሳቃችሁ ተሳስታችኋል። ሌባ አሮጌ መኪና ይወዳል። አዲሶቹ ገና ሲነኳቸው ይጮሃሉ፤ የራሳቸው ቁልፍ ካልመጣ የገዛ ባለቤታቸውንም አያውቁም። የኔ ዲኤክስ ግን የቁም ሣጥን ቁልፍ ቢያስገቡባት «ቤት ለእንግዳ» ብላ የምትከፍት የዋህ ናት። ተፈታትታ ብትሸጥ ደግሞ በቁሟ ከምታወጣው ይበልጣል ይላሉ የሚያውቁ።

ቀልዱን እንተወውና፣ ይቺ መኪና ለኛ ቤት ጌጥ አይደለችም። እኔ ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴ ውዴ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንዲት ጠባብ የባልትና ሱቅ አላት፤ አተሩ፣ ሽንብራው፣ ቅመሙ ሁሉ ከጉንደ ወይን ገበያ የሚመጣው በዲኤክሷ ነው። ኢንሹራንሱ ዕድሜዋን አይቶ ለስርቆት አልዋስም ብሏል። እሷ ከጠፋች ሱቁ ተዘጋ፣ ሱቁ ከተዘጋ እኛም አብረን ተዘጋን ማለት ነው። ስለዚህ ከታችኛው ሰፈር አንዲት እኩያዋ ዲኤክስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ገና ቅዳሴ ሳያልቅ፣ ጠፋች የተባለ ዕለት ምግብ አልወርድልህ አለኝ። ውዴ «በል እንግዲህ አንድ ነገር ግዛላት» አለችኝ። መለስ ብላ «ውድ እንዳይሆን ብቻ» ስትል ጨመረች።

መጀመሪያ የሞከርኩት አላርም ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ነጎድጓድ ሲመታ ትጮሃለች፣ ሲኖትራክ ሲያልፍ ትጮሃለች፣ አህያ ሲታከካት ትጮሃለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የኔዋ ጅቡ ሳያስባት ነው የምትጮኸው። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤት ሁሉ ዱላ ይዞ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ማንም ቀና ብሎ አላየም። አጥር የምንጋራቸው የቅኔ መምህር፣ የኔታ፣ ደቀ መዛሙርቱን ማስተማር ቢያቅታቸው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ይቺ መኪናህ ማኅሌት የምትቆመው ለየትኛው በዓል ነው?» አሉኝ። በዚያው አስነቀልኩት።

ቀጥሎ መሪ ላይ የሚቆለፈውን ብረት ገዛሁ። ይሄ እንኳ ደግ ዕቃ ነው፣ ሐሜት አልወድም። ሌባ በመስኮት ሲያየው «ከዚህ ከምታገል ሌላ ይሻለኛል» ይላል። ነገር ግን የገዛሁት ርካሹን ነበርና በገበያ ቀን ቁልፉ ውስጡ ተሰብሮ ቀረ። ውዴ ባዶ ጆንያዎቿን ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣ፣ እኔ መሪው አልዞር ብሎኝ፣ ሌባውን ትተን ራሳችንን አሰርን። ብረቱ የተፈታው በመጋዝ ነው። ከዚያ አንድ ስልክ ቤት ገብቼ ስለ ጂፒኤስ ጠየቅሁ። ሻጩ ትሁት ነው፤ «ጋሼ፣ መኪናዎ ስትሰረቅ የት እንደደረሰች በስልክዎ እያዩ ይከታተሏታል» አለኝ። እያየሁ ምን ላድርግ? «ደህና ግቢ» ልላት ነው?

በመጨረሻ መካኒኬ አያ እንየው ገላገለኝ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ደበቀልኝ። እሷን ካጠፏት ለሞተሩ ከረንት አይሄድም፤ ቁልፍ ቢያዞሩ፣ ቢገፉ፣ ቢለምኑ ዲኤክሷ ንቅንቅ የለም። ዋጋው ከአንድ ዶሮ አይበልጥም። «ጋሼ፣ ዋናው ምስጢሩ ነው፤ ለማንም እንዳይነግሩ» አለኝ። ለውዴ ብቻ ነገርኳት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ብረት የለ፣ ጩኸት የለ፣ ሌባ ይምጣና ይሞክራት! ብዬ ፎከርኩ።

መጣ።

ስማቸው የሚባል ጎረቤታችን አጎቱ ደብረ ወርቅ ላይ ዐርፈውበት እዚህ ሰፈራችን ድንኳን ተጥሎ ነበር። ዲኤክሷን ከድንኳኑ አጠገብ አቁሜ፣ ማብሪያዋን አጥፍቼ፣ ከዕድሩ ሰዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ልናመጣ በእግር ሄድን። አግዳሚ ተሸክሜ ስመለስ ምን አያለሁ? የገዛ መኪናዬ ቁልቁል እየመጣች ነው። መሪውን የያዘው ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ ያዘቀዘቀ፣ ፊቱ ጥቁርቁር ያለ፣ የማላውቀው ጎልማሳ ነው። ከኋላዋ ደግሞ ግማሹ ለቀስተኛ «ያዝ! በርታ!» እየተባባለ ይገፋል። የኔታ ሳይቀሩ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ትከሻቸውን ሰጥተዋል።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«እንግዶች ከመናኸሪያ ሊያመጣ ነው፤ እምቢ አለችው» አሉኝ የኔታ እያለከለኩ።

አሁን እናንተ «ታዲያ ምነው ‹ማነህ አንተ?› ብለህ አንገቱን አታንቀውም!» ትላላችሁ። ለቅሶ ቤት! ከሐዘንተኛ መሀል አንዱን «ማነህ?» ብዬ? የሟች የወንድም ልጅ ቢሆንስ? ሬሳ ሸኝቶ ከደብረ ወርቅ የመጣ ሰው ቢሆንስ? «ያ ሰውዬ በለቅሷችን ላይ ለአሮጌ መኪናው ሲል ዘመዳችንን ሌባ አለው» ተብሎ እስከ ልጅ ልጄ ሊወራብኝ? ስማቸው ፈቅዶለት ይሆናል፣ ቁልፍ እንደሆነ የማንም ቁልፍ ይከፍታታል፣ ለነገሩ በዚህች መኪና በሰፈሩ ያልተጓጓዘ ምጥም ሙሽራም የለም፤ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አግዳሚውን መሬት አስቀመጥኩና እኔም ገፋሁ።

ገፋን። አትነሳም። እንደገና ገፋን። ከሁሉም መሀል የማትነሳበትን ምክንያት የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። የኔታ በስተርጅና ላባቸው ሲንጠፈጠፍ፣ ስማቸው በሐዘኑ ላይ ሲያቃስት እያየሁ ዝም ልበል? ሆዴ «ተው» ይላል፣ ይሉኝታዬ «አታፍርም?» ይላል። ይሉኝታዬ አሸነፈ። በሾፌሩ በር ጎንበስ ብዬ «ይቅርታ ወንድሜ» አልኩና እጄን ከወንበሩ ሥር ሰድጄ ማብሪያዋን አበራሁለት። አዎ፣ በገዛ እጄ! ሰውዬው ቁልፍ ሲያዞር ባትሪዋን ጨርሶት ኖሮ፣ ዲኤክሷ በቁልፍ ሳይሆን በአንድ ግፊት ተነሳች።

«እግዜር ያክብርልኝ ጋሼ!» አለኝ፤ ደግሞ ከልቡ ነበር።

ሊሄድ ሲል ሦስት አሮጊቶች በሮቹን ከፍተው ገቡ። ከለቅሶ የሚወጣ መኪና ባዶውን አይሄድማ! እማማ ጠጂቱ ከፊት ተደላድለው ተቀመጡና «በል ልጄ፣ በዚያው አድርሰን» አሉት። ሰውዬው አንዴ እነሱን፣ አንዴ እኛን አየና ነዳ።

ከስማቸው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። «ያ ዘመድህ ደግ ሰው ነው» አልኩት።

«የቱ?»

«በኔ መኪና እንግዶች ሊያመጣ የሄደው ነዋ።»

«እሱ ያንተ የእህት ልጅ አይደለም እንዴ?»

ብድግ አልኩ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ የገፋው የኔ ዘመድ መስሎት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ጠዋት ንፍሮ ያቀረቡለትም፣ ወሬ ያጫወቱትም ነበሩ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄኛው ሳይጠይቅ ነው ያነጠፍንለት። ውዴ ታየችኝ፣ የሱቁ በር ታየኝ፣ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ለሟቹ መስሏቸው «አይዞህ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ሰው ላክንና እኔና ስማቸው በባጃጅ ወደ እማማ ጠጂቱ ቤት ከነፍን። ቤታቸው ከከተማው ጫፍ፣ በአማኑኤል መውጫ በኩል ነው። ከሩቅ ሳያት አላመንኩም። ዲኤክሷ አጥራቸው ሥር ቆማለች! ወርጄ ኮፈኗን ሳምኩት።

እማማ ጠጂቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። «የት ጠፋ ልጁ?» አሉኝ ቀድመው። «ምን ያለ የጨዋ ልጅ ነው! ሁለቱን በየደጃቸው አወረደ። እኔን መንገድ ላይ ‹ይውረዱ እማማ› ቢለኝ ጉልበቴ አይችልም አልኩት፤ እሺ ብሎ እስከ ደጄ መጣ። ሞተሩ ራሴን ቢበጠብጠኝ ‹አጥፋው ልጄ› አልኩት፣ አጠፋው። ደግፎ አወረደኝ፣ ከዘራዬን አቀበለኝ። ከዚያ በኋላ አልነሳ አለችው፤ የሚገፋ ሰው አይኖር። ‹ሰው ልጥራልህ› ስለው ‹ይተዉት፣ እኔው አመጣለሁ› ብሎ እንደወጣ ቀረ። ምን አግኝቶት ይሆን?»

ስማቸው ሐዘኑን ረስቶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ሳቀ። እኔ ግን ሰውዬውን ሳስበው አሳዘነኝ። ስርቆት ለካ ልበ ደንዳናነት ይጠይቃል፤ እሱም እንደኔ ይሉኝታ ይዞት ከሥራው ተሰናከለ።

ቤት ገብቼ ለውዴ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰምታ «አንተ ሰውዬ፣ ማብሪያና ማጥፊያው መደረግ የነበረበት ላንተ ነው» አለችኝ።

ባለፈው እሑድ እማማ ጠጂቱ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ሱቃችን መጡ። በመሀረብ የቋጠሩትን የዶሮ እንቁላል በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። «ለእህትህ ልጅ ስጥልኝ» አሉ። «በዚህ ዘመን እንደሱ አሮጊት የሚያከብር የለም። ጸልዬለታለሁ በለው። ለመሆኑ ደህና ነው?»

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ውዴ ከባንኮኒው ኋላ ዓይኗን አፍጥጣ ትጠብቀኛለች። እማማ ጠጂቱ ደግሞ ፊታቸው ሁሉ በርቶ ያዩኛል።

«በጣም ደህና ነው እማማ» አልኩ እንቁላሉን እየተቀበልኩ። «ሰላም ብሎዎታል። ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ እያለ ይጠይቃል።»