ምርቃት የማይወድ ባሩድ

ሚዛን ሰው ያጣላል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔን ከእትዬ አስካለ ጋር ሊያጣላኝ ሲል ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ታክሲውን ትቼ በስልክ የሚጠራውን ሹፍርና በጀመርኩበት ዓመት ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ግሌንዴል ከተማ አንድ አፓርታማ ውስጥ እሳቸው ምድር፣ እኔ ፎቅ እንኖር ነበር። አገር ቤት ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ሲቀምሙ ኖረዋል፤ እዚህ ደግሞ አዛውንት ሲያነሱና ሲያስተኙ እጃቸው አለቀ። ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ አብረው ኢላማ ይተኩሱ ነበር። አዎ፣ እትዬ አስካለም! ምን ያስገርማል? ጋሽ ታደሰ ሲያርፉ ሪቮልቨር ሽጉጣቸው ለእትዬ አስካለ ቀረ።

ችግሩ፣ በሱቅ ጥይት ሲተኮስ እንደ በቅሎ ይራገጣል። የእሳቸው የእጅ አንጓ ደግሞ ሪህ አለበት። ልጃቸው ናሆም አንድ ቀን እጃቸው አብጦ አየና “ማም፣ ኢናፍ! በቃ፣ እንሸጠዋለን” አለ። ለምነው፣ ለምነው የአንድ ወር ቀጠሮ አገኙ። በወሩ መጨረሻ ስድስቱንም ጥይት የስኒ ማስቀመጫ በምታህል ክብ ውስጥ ካስገቡና እጃቸው ካላበጠ ሽጉጡ ይቀራል። ካልሆነ የጋሽ ታደሰ ማስታወሻ ተሸጠ ማለት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እሳቸው መጽሐፍ ገዙ! ባሩድ፣ የጥይት እርሳስ፣ ትንሽ ሚዛንና ጥይት መግጠሚያ መሣሪያም አመጡ። የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ለቅመው፣ አጥበው፣ ራሳቸው መሙላት ጀመሩ። ቀለል ያለ እርሳስ፣ ጥቂት ባሩድ፤ በቃ። ቀላል መሰላችሁ? በጣም ካነሰ እርሳሱ አፈሙዝ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ከበዛማ እጅና ሽጉጥ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ መጽሐፉ ከሚለው ዝንፍ ሳይሉ ጥቂት ጥቂት ይሞላሉ፣ እኔ ኦሮራ ያለው የኢላማ ተኩስ ቤት አደርሳቸዋለሁ፣ የቱ ልክ አንድ ቦታ እንደሚሰበሰብ፣ የቱ አንጓቸውን እንደማይቆረጥማቸው በደብተር ይጽፋሉ። ትንፋሻቸውን ውጠው ሲመዝኑ ብታዩአቸው እናንተም መተንፈስ ትረሳላችሁ። እኔ እንደዚህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።

ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው “ላግዝዎት” አልኩ። ምን አለበት ዝም ብል! እኔ መርካቶ ቅመም ስመዝን ያደግኩ ሰው ነኝ። ሚዛኑ ልክ ሲመጣ እጄ አርፎ አይቀመጥም፤ ካልመረቅኩ ደንበኛ የሰደብኩ ይመስለኛል። በየቀለሁ ላይ ቆንጠር፣ ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩ።

እትዬ አስካለ ምን እያደረግህ ነው አሉኝ።

“ምርቃት ነዋ!” አልኩ በኩራት።

አልሳቁም። “አንተ ሰው፣ ልትገድለኝ ነው? ሲበዛ ማርም ይመራል፤ ይሄ ደግሞ ማር አይደለም!” አሉና የሞላሁትን ሁሉ ገለበጡት። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ራሳቸው መዝነው ሞሉት። እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ተኩስ ቤት ገባን። ናሆም እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ ስኒ ማስቀመጫዋን ከቤት ይዞ መጥቷል፣ ጉዱን እዩልኝ! ከጎናችን ያለው ግዙፍ ሰውዬ ሲተኩስ ጣሪያው ይናጋል። የእሳቸው ጠሽ ይላል፣ አለቀ። ስድስት ጊዜ ጠሽ። እኔ ስድስቱንም ጊዜ ስለት ተስያለሁ።

የኢላማው ወረቀት መጣ። ናሆም ስኒ ማስቀመጫዋን ቀዳዳዎቹ ላይ ደፋት። አንድም የሚታይ የለም፤ ሁሉም ከሥሯ ናቸው። ከዚያ የእናቱን እጅ ያዘ፣ አገላብጦ አየ፣ አንጓቸውን ዳበሰ። ምንም እብጠት የለም። “ኦኬ፣ ማም። የአባዬ ነገር የትም አይሄድም” አለና አቀፋቸው። እኔ ዓይኔን ጠረግኩ፤ ባሩድ ገብቶበት ነው።

ትንሽ ቆይቶ ናሆም ራሱ በአባቱ ሽጉጥ ሞከረና “ለእኔም ሃምሳ ሙዪልኝ” አላቸው። በሳምንቱ ሃምሳውን ሣጥን ውስጥ ደረደሩለት። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ሃምሳ አንደኛዋን ከላይ ጣል አደረጉና፣ “አየህ፣ ምርቃት ማለት እዚህ ጋ ነው” አሉኝ።