የአቶ ሽመክት ጥቁር እንግዳ

ሽመክት አዳማን ከሚያሞቁት ሰዎች አንዱ ነበር። ሰርግ ላይ እሱ ከሌለ ጭፈራው አይደምቅም፤ እድር ላይ እሱ ካልተናገረ ስብሰባው አይግልም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አሮጌ የናፍጣ መኪናውን መኝታ ቤቱ መስኮት ሥር አስነስቶ ያሞቃል። ቢሮው ከደጁ ቆመው ቢጣሩ የሚሰማ ነው። እሱ ግን «በእግሩ የሚመጣ ኃላፊ ማን ያከብረዋል?» ይላል።

ሚስቱ አስካለች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሳል ይዟት ደረቷ አልደላትም። ሐኪም ቤት እየነዳ ይወስዳታል፣ እየነዳ ይመልሳታል፤ አልተሻላትም።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት አጥር ተደግፋ ጠራችው።

«አቶ ሽመክት፣ ነገር ማመላለስ አልወድም። ግን እርስዎ ጠዋት ሲወጡ፣ ሚስትዎ መኝታ ቤት ጥቁር እንግዳ ይገባል።»

«ምን አልሽ?»

«በመስኮት ነው የሚገባው። አልጋዋ ላይ እንዳለች ትንፋሽ ያሳጣታል። ስታቃስት እዚህ ድረስ ይሰማኛል።»

ሽመክት ጨሰ። ቀኑን ሙሉ ሲጨስ ዋለ።

በማግስቱ የመኪናው ድምፅ እንግዳውን እንዳያስጠነቅቅበት ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና በእግሩ ወጣ፤ ዞሮ መጥቶም አጥሩ ሥር አደፈጠ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዝንብ እንኳ አልገባም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ይባስ ብሎ የአስካለች ፊት በራ፤ ሳሏም ለቀቃት፤ እያንጎራጎረች ልብስ ታጥብ ጀመር። ይሄ ሽመክትን ክፉኛ አቃጠለው። «ሌላ ቦታ ተቃጥረዋል ማለት ነው» አለ በልቡ።

በመጨረሻ አላስቻለውም፤ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ፊት ሄዶ ተገተረ።

«ማነው እሱ፣ እኔ ስወጣ የሚገባው ጥቁር እንግዳ?»

አስካለች መጭመቋን ትታ ቀና አለች። አልደነገጠችም።

«የሺመቤት ነገረችህ? እሰይ። እኔ ስነግርህ መች ሰምተኸኝ ታውቃለህ!»

«ስሙን ንገሪኝ!»

«ያንተው ልጅ፣ ስሙን አንተ አውጣለት። ከመኪናህ ኋላ ይወለዳል፣ በመስኮቴ ይገባል፤ እኔን ሲጠግበኝ ሰማይ ይወጣል። ዝናባችንን ያስኮረፈብንም እሱና ብጤዎቹ ናቸው ይባላል። አንተ በእግርህ በሄድክበት ሳምንት ግን ዝር አላለም።»

ሽመክት መስኮቱን አየ፤ ጥላሸት የጠጣውን ግድግዳም አየ። አጥር ሥር ተጎልቶ ሚስቱን የጠረጠረባቸው ጠዋቶች ትዝ አሉትና ጆሮው ጋለ። ቁልፉን አወጣ፤ አገላብጦ አይቶ መልሶ ከተተው። ይቅርታ መጠየቅ ግን ያደገበት አልነበረም።

«ታዲያ እኔ ብቻ ነኝ የምነዳው?» አለ። «ሹሙ ይነዳል፣ ነጋዴው ይነዳል፣ ዓለም በሙሉ ይነዳል! የኔዋ አንዲት መኪና ምን ታመጣለች?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች አስካለች፣ በዕድሜዋ መሪ ጨብጣ የማታውቀው ሴት። «በዚህ አያያዛችን፣ መኪና ያለውም የሌለውም፣ ሁላችንም እንነዳለን።»