አንደኛው ዓመታዊ የጭላዳ ግብዣ

የዋሻ ገደል ቀበሌ የጎብኚ መስህብ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ጥቅምት 21 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ የማርያም ዕለት
ቦታ፦ የገበሬዎች ማሠልጠኛ አዳራሽ፣ ወደ ገደሉ በሚያሳየው መስኮት በኩል
ሰዓት፦ ለ2፡00 የተጠራ፣ በ4፡00 የተጀመረ

ስብሰባው በማርያም ዕለት የተጠራው ገበሬው በበዓል ስለማይሠራ ሰበብ አይኖረውም ተብሎ ነው።

የተገኙ
አቶ ይስማው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ሰብሳቢ
አቶ አንተነህ፣ ከወረዳ የተመደቡ የቱሪዝም ባለሙያ፣ አባል
መሪጌታ ገብረ ሥላሴ፣ የቤተ ክርስቲያን ተወካይ፣ አባል
ወ/ሮ ማንአለሽ፣ የሴት ገበሬዎች ተወካይ፣ አባል
ወ/ሪት ፅጌረዳ፣ መምህርት፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ
አቶ ተስፋሁን፣ ወደ አርብ ገበያ በመሄዳቸው፤ አቶ ተክሌ፣ በሕመም፤ ወ/ሮ ዓለሚቱ፣ በወሊድ፤ አቶ ፈንታ፣ ስብሰባው ትናንት መስሏቸው መጥተው በመመለሳቸው።

ስለ ምልዓተ ጉባኤ
ኮሚቴው ዘጠኝ አባላት ስላሉት ለመወሰን አምስት ሰው ያስፈልጋል። የተገኙት አራት ነበሩ። ሰብሳቢው በመስኮት ሲመለከቱ ወ/ሮ ማንአለሽ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለው ገብሳቸው ውስጥ ማማ ላይ ቆመው ጭላዳ ሲከላከሉ ስላዩ፣ ሚሊሻ ልከው አስወረዷቸው። ወ/ሮ ማንአለሽ ወንጭፋቸውን እንደያዙ ገቡ። ገብሱ ለአጨዳ መድረሱን፣ ነገር ግን ዛሬ ማርያም፣ ነገ ቅዳሜ፣ ቀጥሎ እሑድ፣ ሰኞም ተክለ ሃይማኖት በመሆኑ እስከ ማክሰኞ ማጭድ እንደማይነሣ፣ ባለቤታቸውም ስማዳ ለቅሶ መሄዳቸውን አስረድተው፣ ማማው ላይ ሰው አለመኖሩ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠየቁ። ተይዟል። ሰብሳቢው ስብሰባው አጭር መሆኑን ገለጹ። ይህም ተይዟል።

አጀንዳ 1፦ የልምድ ልውውጥ ሪፖርት
አቶ አንተነህ በአንድ ረድኤት ድርጅት ወጪ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትገኝ አንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ጎብኝተው መመለሳቸውን አስታወሱ። የከተማዋ ስም በሪፖርቱ ላይ በሦስት ዓይነት ስለተጻፈ ጸሐፊዋ ትክክለኛውን ጠይቀው፣ ሦስቱም እንደሚያስኬዱ ተነገራቸው።

ሪፖርቱ እንደሚለው ከተማዋ የምትጎበኘው ኮረብታ ላይ ወዳለ ቤተ መቅደስ በሚያወጣ ረዥም ደረጃ፣ ጀልባ ላይ በሚቆም ገበያ፣ ጋደም ባለ ግዙፍ ሐውልትና በዝንጀሮዎቿ ነው። ዝንጀሮዎቹ በዓመት አንድ ቀን ጠረጴዛ ተዘርግቶላቸው፣ ፍራፍሬ ተደርድሮላቸው ይጋበዛሉ። ይህን ለማየት የዓለም ሕዝብ ይጎርፋል። አቶ አንተነህ ሲያጠቃልሉ ከተማዋ ያላት ሁሉ ዋሻ ገደልም እንዳለው፣ የጎደለው ሰሌዳ ብቻ እንደሆነ አስረዱ።

መሪጌታ ገብረ ሥላሴ የዚያ አገር ሰዎች ለዝንጀሮ የሚያቀርቡትን ከየት እንደሚያመጡት ጠየቁ። ከነጋዴዎችና ከሆቴሎች እንደሚሰበሰብ ተመለሰላቸው። መሪጌታ በሰው እህል እሳቸውም ቸር እንደሆኑ ተናገሩ።

ወ/ሮ ማንአለሽ በመስኮት ተመልክተው ሦስት ጭላዳዎች አፋፉን መውጣታቸውን ገለጹና እንዲሰናበቱ ጠየቁ። ሰብሳቢው እሳቸው ከወጡ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚጎድል አስረዱ። ወ/ሮ ማንአለሽ ተቀመጡ። ሪፖርቱ በጭብጨባ ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ የዋሻ ገደልን መስህቦች ስለመለየት
ደረጃውን በተመለከተ፣ ከመንደሩ ወደ ምንጩ የሚያወርደው የገደል መንገድ ከዚያኛው ደረጃ ጋር እንደሚወዳደር አቶ አንተነህ ጠቆሙ። ጸሐፊዋ መንገዱ እንዲጠገን ወይም ውኃው በቧንቧ እንዲወጣ ሴቶች በተደጋጋሚ ማመልከታቸውን አስታወሱ። ባለሙያው መንገዱ ከተጠገነ ጥንታዊነቱን፣ ውኃው በቧንቧ ከወጣ ደግሞ ትርጉሙን እንደሚያጣ አሳሰቡ። ወ/ሮ ማንአለሽ በዚያ መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ እንስራ ተሸክመው እንደሚመላለሱ፣ እስከ ዛሬ ቆሞ ያደነቃቸው ሰው ግን እንደሌለ ተናገሩ። ባለሙያው ችግሩ ይኸው የማስተዋወቅ እጥረት እንደሆነ መለሱ። ከረዥም ውይይት በኋላ መንገዱ እንዳይጠገን፣ ከበላዩም «ጥንታዊ የውኃ መቅጃ ደረጃ» የሚል ሰሌዳ እንዲተከል ተወሰነ።

ገበያውን በተመለከተ፣ ጀልባ ባይኖርም አህያ ስላለ ወደ አርብ ገበያ የሚሄዱ ገበሬዎች እዚሁ መንገድ ዳር ቆመው፣ ጭነታቸውን ሳያራግፉ ከአህያው ላይ እንዲሸጡ ሐሳብ ቀረበ። አህያው እስከ መቼ እንደሚቆም መሪጌታ ጠየቁ። ጎብኚ እስኪመጣ ተባለ። መሪጌታ ለአህያው አዘኑ። ጉዳዩ ለጥናት ተመራ።

ሐውልቱን በተመለከተ፣ ሰብሳቢው ጋደም ያለ ሰው ሐውልት በሲሚንቶ እንዲሠራ አሳሰቡ። መሪጌታ ጋደም ያለ ሰው ማየት የሚፈልግ ጎብኚ ከምሳ በኋላ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቢመራ እንደሚበቃ፣ ሲሚንቶም እንደማይባክን ተናገሩ። ሰብሳቢው አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ነው አሉ።

በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ማንአለሽ ጭላዳዎቹ ከሠላሳ መብለጣቸውን ገልጸው ለሁለተኛ ጊዜ እንዲሰናበቱ ጠየቁ። አንድ አጀንዳ ብቻ እንደቀረና እሱም እሳቸውን በቀጥታ እንደሚመለከት ተነገራቸው።

አጀንዳ 3፦ ስለ ጭላዳዎች
አቶ አንተነህ ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ እንደማይገኝ አብራርተው፣ በየዓመቱ አንድ ቀን ግብዣ እንዲደረግለት ሐሳብ አቀረቡ። ለግብዣው አመቺ የሚሆነው አፋፉ ላይ ያለው፣ ከመኪና መንገድም የሚታየው ማሳ ነው። ማሳው የወ/ሮ ማንአለሽ በመሆኑ አስተያየታቸው ተጠየቀ።

«አንተነህ ልጄ» አሉ፣ «ግብዣው ተጀምሯል። እስቲ በመስኮት እይ።»

አባላት ተነሥተው ተመለከቱ። ከሃምሳ የማያንሱ ጭላዳዎች ገብሱ ውስጥ ተቀምጠው ዛላ ሲገምጡ ታይተዋል። አቶ አንተነህ መደሰታቸውን ገልጸው በስልካቸው ፎቶግራፍ አነሡ፤ ዕለቱም አንደኛው ዓመታዊ የጭላዳ ግብዣ ተብሎ እንዲመዘገብ፣ ለወ/ሮ ማንአለሽም የምስጋና ወረቀት እንዲሰጥ አሳሰቡ። ሁለት ደገፉ፣ ወ/ሮ ማንአለሽና መሪጌታ ተቃወሙ፣ ጸሐፊዋ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ድምፁ እኩል ስለሆነ ሰብሳቢው ያሉበት ወገን አሸነፈ።

ወ/ሮ ማንአለሽ ከአጀንዳ ውጭ ለመሪጌታ ጥያቄ አቀረቡ። «የኔታ፣ ዛሬ ማርያም ናት። ማጨድ አይቻልም። መጠበቅስ?»

መሪጌታ በማርያም ዕለት ማጨድ፣ መውቃትና ማረስ እንደማይገባ፣ መጠበቅን ግን የሚከለክል መጽሐፍ እንዳላዩ አስረዱ። «ሂጂ፣ ልጄ። ዝንጀሮ በዓል አያከብር» አሉ።

ወ/ሮ ማንአለሽ ተነሡ። ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤው እንደሚፈርስ አስጠነቀቁ።

«ምልዓተ ጉባኤው እኔ ከሆንኩ ማማው ላይ ይሰብሰብ» ብለው ወጡ።

ሰብሳቢው ወ/ሮ ማንአለሽ በመስኮት እስከታዩ ድረስ እንደተገኙ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። አቶ አንተነህ ደገፉ። ቀጥሎ ጭላዳን በወንጭፍ፣ በጅራፍ፣ በውሻ ወይም በጩኸት ማባረር ከዛሬ ጀምሮ እንዲከለከል ድምፅ ተሰጠ። ሰብሳቢውና ባለሙያው ደገፉ። መሪጌታ ተቃወሙ። ወ/ሮ ማንአለሽ ማማው ላይ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው በመታየታቸው እንደ ድጋፍ ተቆጠረ። ጸሐፊዋ ወንጭፍ እያሽከረከሩ መሆኑን አመለከቱ። ሰብሳቢው ኮሚቴው የሚቆጥረው እጅን እንጂ እጅ የያዘውን እንዳልሆነ አስረዱ። ክልከላው በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ወዲያው አንድ ድንጋይ የአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ አረፈ፤ የአባሏ ተጨማሪ አስተያየት ተብሎ ተያዘ።

ጭላዳዎቹ ገደሉን ሲወርዱ አንድ ነጭ መኪና መንገዱ ላይ ቆሞ ሁለት የውጭ አገር ሰዎችና አስጎብኚያቸው ወረዱ። ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ እዚህ የቆመ የመጀመሪያው ጎብኚ በመሆኑ አቶ አንተነህ ሮጠው ወጡ። ሲመለሱ እንደገለጹት፣ ጎብኚዎቹ ገደሉንም ጭላዳውንም አልጠየቁም። የቀረጹት ማማ ላይ ቆማ ወንጭፍ የምትወረውረውን ሴት ነው። ነገ ትርኢቱ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠይቀው ሄደዋል።

አቶ አንተነህ በዚህ መነሻ አሁን የጸደቀው ክልከላ እንዲሻሻል ጠየቁ። ወንጭፉ ይፈቀዳል፤ ወ/ሮ ማንአለሽም በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጭላዳዎቹን ያባርራሉ። ለማባረር ግን ጭላዳዎቹ አስቀድመው መግባት ስላለባቸው፣ ለጥቂት ጊዜ ገብሱ ውስጥ ይለቀቃሉ። ውሳኔው ለአባሏ እንዲነገር ሚሊሻው ተላከ። ሚሊሻው ይዞ የተመለሰው መልስ ቃል በቃል ይህ ነው፦

«ዓመቱን የምንበላው ይህ ነበር። ግማሹ ሄደ። የቀረውን ቆሜ እየጠበቅሁት ነው። የሚወስን ካለ መጥቶ አብሮኝ ይቁም።»

ሰብሳቢው ፈቃደኛ አባል እንዳለ ጠየቁ። መሪጌታ ገብረ ሥላሴ መቋሚያቸውን አንሥተው ቆሙ። በሩ ላይ ሲደርሱ አንድ ማሳሰቢያ ሰጡ። «በወጉ ግብዣ ከሆነ ደጋሽ አለው። ደጋሹም ኮሚቴው ነው። ደጋሽ የተበላውን እህል ይከፍላል፤ ጽፋችኋልና» ብለው ወደ ማሳው ሄዱ።

አቶ አንተነህ ፎቶግራፉን ከስልካቸው አጠፉ።

የመጨረሻ ውሳኔ
ሰብሳቢው በአዳራሹ የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ፣ በመስኮት የሚታይ ሰውም እንደተገኘ ሊቆጠር እንደማይችል ገለጹ። በዚህ መሠረት የሚከተለው ተወሰነ፦

የአህያ ገበያው፣ ሐውልቱና የወንጭፍ ክልከላው ከነማሻሻያው ተሽረዋል። ጥንታዊ የውኃ መቅጃ ደረጃም ተሽሯል፤ መንገዱ ግን ቀድሞም ስላልተጠገነ ባለበት ይቆያል። አንደኛው ዓመታዊ የጭላዳ ግብዣ እንዳልተካሄደ ይቆጠራል። ምልዓተ ጉባኤ ያልነበረው ስብሰባ ስብሰባ ስላልሆነ ይህ ስብሰባም አልተካሄደም። ስብሰባው ካልተካሄደ ወ/ሮ ማንአለሽ ከማማቸው የጠራቸው የለም። ገብሱ ተበልቶ ከሆነም የተበላው እሳቸው እየጠበቁት ነው።

ሰብሳቢው ለዚህ እንዲስማማ፣ ማማው ላይ ሰው አለመኖሩ የተያዘበት መስመር ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዘዙ። ጸሐፊዋ በእስክሪብቶ የተጻፈ መሆኑን ገለጹ።

ያልተካሄደው ስብሰባ በ8፡20 ተበትኗል። ሰብሳቢውና ባለሙያው አልፈረሙም። ጸሐፊዋ ፈርመዋል።