አያ ዘለቀ በቅሎ ይገባዋል ወይ?

በሰው ዋጋ የማይፈርድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ይኸው ሸበትኩ፣ አላየሁም። የራሱን ገቢ ሲያነሱበት «ተመስገን ነው» ብሎ ወሬ ያስለውጣል፤ የሌላው ሲነሳ ግን ሚዛኑን ከየትም ከየትም ፈልጎ ያመጣዋል። «ለእሱ ይሄ ሁሉ? በየትኛው ጉልበቱ?» ይላል። የሚገርማችሁ ደግሞ የሚከፈለው ከእሱ ኪስ አይደለም። ከኪሱ ቢሆንማ እንዲህ ደም ሥሩ እስኪገተር መች ይከራከር ነበር? ዝም ብሎ ይከለክል ነበር እንጂ።

ባለፈው ሰሞን ሮቤ ላይ የአጋርፋን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ሁለት ጎረምሶች በዚሁ ነገር ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። በሬዲዮ ሰምተው ነው። ባሕር ማዶ አንድ ስሙ የገነነ ኳስ ተጫዋች አለ አሉ፤ ዕድሜው ገፍቷል፣ ጉልበቱ በፋሻ ነው የሚቆመው፣ ቡድኑ ግን ሀገር የሚያስተዳድር ደመወዝ ሊሰጠው ነው። አንደኛው «ይገባዋል! ስሙ ብቻውን ይበቃል!» ይላል። ሌላው «ስም ይሮጣል እንዴ?» ይላል። በመጨረሻ ሻይ በፓስቲ ተወራረዱና ዳኛ ሲፈልጉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱን!»

ወይ ጉድ! ይህን ክስ እኮ አውቀዋለሁ! እናንተ ልጆች ሳትወለዱ፣ ይቺ ሮቤም ከተማ ሳትሆን፣ ጎባ ላይ ቆሜ በጆሮዬ የሰማሁት ክስ ነው። ተቀመጡና ስሙኝ አልኳቸው። እናንተም ስሙ።

ያን ጊዜ ጎባ ከተማ ሳትሆን ሰፈር ነበረች። አባቶቻችን ከሰሜን ከጦር ጋር መጥተው፣ ሀገሩን በጠመንጃ ይዘው፣ ኮረብታው ላይ ጎጆ ቀልሰው ነበር። መሬቱ እንዴት የእኛ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጠመንጃው የእኛ ስለነበር ነዋ። የሀገሩ ሰው ትናንት ከብቱን ባሰማራበት ሜዳ ዛሬ ገባር ሆኖ ማር ያመጣል፣ የጌታውን አጥር ያጥራል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል። እኛ ጎረምሶቹ ግን የሚያስጨንቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታኅሣሥ ሲገባ የገና ጨዋታ!

ገና ስል ለማታውቁት ልንገራችሁ። ቆልማማ ዱላ ይያዛል፣ ከወይራ ሥር የተጠረበች እሩር የምትባል ድቡልቡል ትወረወራለች፣ ከዚያ በኋላ እግዜር ያውጣችሁ። ላይ ቤት እና ታች ቤት ተባብለን፣ እሩሯን እየመታን እየነዳን በባላጋራችን ዳር ለማሳለፍ ስንተራመስ፣ ቁርጭምጭሚት አይቀር፣ ጥርስ አይቀር! ስድቡስ? ሎሌው ጌታውን በግጥም ይሞልጨዋል፤ ጌታው ቢቆጣ ነውሩ የጌታው ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። በዓመት አንድ ቀን ሁሉም እኩል ይመታል፣ እኩል ይቀምሳል።

እኔ ላይ ቤት ነበርኩ። ላይ ቤት ማለት ደግሞ አያ ዘለቀ ማለት ነበር። ኧረ እንዴት ያለ ሰው! አንዴ ሲመታት እሩሯ ሜዳውን ተሻግራ፣ የታች ቤቶችን የድንጋይ ካብ ዘልላ፣ ጌሾ የምትወቅጥ ሴትዮ ሙቀጫ ውስጥ ጥልቅ! ሴትዮዋ ጠላዋን «የዘለቀ» ብላ ሸጠችው፣ በአንድ ቀን አለቀላት። አሁን ግን አያ ዘለቀ ሃምሳውን አልፏል። ጉልበቱን ውርጩ ይዞታል፤ የጎባን ብርድ ታውቁታላችሁ። ያ የገና ዱላው ምርኩዙ ሆኗል። እሱ ካቆመ ወዲህ እኛም በየዓመቱ ስንሸነፍ፣ ስንሰደብ፣ አንገታችንን ስንደፋ ኖረናል።

በዚያ ዓመት የቡድናችን አለቃ ባላምባራስ ወንድይራድ ቆረጡ። አያ ዘለቀን አስጠርተው «ላንድ ቀን ብቻ ግባልኝ፣ የፈለግኸውን ጠይቅ» አሉት።

«በቅሎ» አለ አያ ዘለቀ። «ከእነኮርቻዋ።»

በቅሎ! ያን ጊዜ በቅሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለዛሬ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ግማሹ ሰፈር ዕድሜውን ሙሉ ተመኝቶ በእግሩ የሞተባት ነገር ናት። አያ ዘለቀ ለምን እንደፈለጋት ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሱም አልደበቀንም። አንዲት የቀረችው ልጁ የሺ ጊኒር ተድራለች፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል፣ እናቷ በሕይወት የለች። ጊኒር ደግሞ በዚያ ጉልበት በእግር አይታሰብም። ይህንኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ማን ጉዳዬ ብሎት! እኛ የምናወራው ስለ ጉልበቱ ነበር።

ባላምባራስ ዳማ በቅሏቸውን እሰጣለሁ አሉ፤ ላይ ቤትም በመኸር ገብስ አዋጥቶ ይካሳቸው ተባለ። ሰፈሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ባልና ሚስት ተኳረፉ፣ ምራትና አማት ታረቁ! ነገሩን የሰሙት ታች ቤቶችማ ገና ሳንገናኝ ግጥም አወጡ፦

ላይ ቤቶች ሲያረጁ ብልሃት አወጡ፣
ጉልበት ለሌለው ሰው በቅሎ ሊሰጡ።

አንድ ቀን ሜዳው ላይ ለልምምድ ተሰብስበን አቶ ጥላዬ ብድግ አለ። አቶ ጥላዬ የላይ ቤት ሰው ነው፣ ገብሱን ግን ከልጁ አብልጦ ይወዳል። «አልከፍልም! ለዘለቀ በቅሎ አይገባውም!» አለ። ባላምባራስ «ይገባዋል!» አሉ። ይገባዋል፣ አይገባውም፣ ይገባዋል፣ አይገባውም፣ ኩታቸውን ጫፍና ጫፉን ቋጠሩ። ኩታ ከተቋጠረ በቃ፣ ዳኛ ሳይፈታው አይፈታም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ዳኛ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም፤ መንገደኛ ይያዛል። ሁለቱም «ንጉሥ ይሙት! መጀመሪያ ያለፈው መንገደኛ ይፍረደን!» ብለው ማሉ። ሁላችንም ወደ መንገዱ ዞርን።

አንድ ሰው በፈረስ ላይ ሆኖ ከብት እየነዳ ይመጣል። ቀረበ። አይ፣ ምን ልበላችሁ! ኦቦ ሁሴን!

ኦቦ ሁሴን የባላምባራስ ገባር ናቸው። ዛሬ «ናቸው» እላለሁ፤ ያኔ ሁላችንም አንተ ነበር የምንላቸው። የቆምንበት ሜዳም ከአያት ቅድመ አያት የእሳቸው ነበር፤ እሩር የምናሳድድበት ሣር የጥጆቻቸው ቀለብ ነው። ባላምባራስ ፊታቸው ልውጥ አለ። ግን የማለ ምላስ አይታጠፍም። አቶ ጥላዬ እጁን ዘርግቶ የፈረሳቸውን ልጓም ያዘና «በንጉሥ አምላክ፣ ፍረደን!» አለ።

ኦቦ ሁሴን ባላምባራስን አዩ፣ የተቋጠረውን ኩታ አዩ። «ባላምባራስ፣ ዛሬ አጥር ነው ወይስ ዳኝነት?» አሉ።

ሳቅ ሊገድለን ነው፤ መሳቅ ደግሞ አይቻልም። ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዳኛ ይቀመጣል፣ ተሟጋች ይቆማል፤ ሕጉ ነው። እናም ባላምባራስ ወንድይራድ፣ ጎራዴያቸውን እንደታጠቁ፣ ከገባራቸው ፊት እጅ ነስተው ቆሙ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያ በኋላም ሲያምርሽ ይቅር ተብያለሁ።

«ጌታዬ ዳኛ» አሉ ባላምባራስ፤ ቃሏ ጉሮሯቸው ላይ ትንሽ ቆማ ነው የወጣችው። «ዘለቀ ሜዳ ላይ መቆሙ ከታየ ታች ቤቶች ወኔያቸው ይከዳቸዋል። ስሙ ብቻውን ግማሽ ቡድን ነው!»

«ስም ዳገት አይወጣም፣ ጌታዬ ዳኛ!» አለ ጥላዬ። «ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ መንገድ ላይ ተቀምጦ ሲያርፍ ዓይኔ አይቶታል! በአንድ እንስራ የሃረና ማር እወራረዳለሁ፣ አይገባውም!»

«በበሬ! ይገባዋል!»

«በጥማድ በሬ!» አለ ጥላዬ፤ ያለውም ያው አንድ ጥማድ ነው።

ባላምባራስ ደማቸው ፈላ። «በበቅሎ! በዚችው በዳማዋ በቅሎዬ!»

ሜዳው በእልልታና በፉጨት ተናወጠ። እኔም ከሰው ጋር ጮህኩ፣ ዘለልኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። አያችሁልኝ? ውርርድ የረታ የራሱን ይዞ ይሄዳል፤ የተረታው ያስያዘው ለዳኛው ነው። ይገባዋል ከተባለ በቅሎዋ ለአያ ዘለቀ ልትሄድ ነው፤ አይገባውም ከተባለ ለዳኛው። በቅሎዋ በሁለቱም በር ወጥታለች! ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየገባው ሲጠቃቀስ፣ ያልገባቸው ሁለቱ ተሟጋቾች ብቻ ነበሩ።

አያ ዘለቀ ይህን ሁሉ ጊዜ ዱላውን ተደግፎ፣ ገበያ ላይ ጥርሱ እንደሚታይ በሬ ዝም ብሎ ቆሟል። ኦቦ ሁሴን ወደ እሱ ዞሩ።

«አያ ዘለቀ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ይገባሃል?»

 «አዎ» ቢል በቅሎዋ የእሱ ናት። አንዲት ቃል ናት! በልብህ ባይሆን በአፍህ በላት እንጂ፣ አያ ዘለቀ!

«ለጨዋታው አይገባኝም» አለ። «ጉልበቴ አልቋል፤ ቢቀረኝ አንድ ምት ነው። ደግሞ ላይ ቤት ሲሸነፍ እኔን ይዞ ቢሸነፍ ያመኛል። ግን ልጄ ጊኒር ላይ አባዬ ይመጣል ብላ መንገድ መንገድ ታያለች። ስጡኝ ያልኩት ለዚህ ነው።»

ያን ሁሉ ቀን ስንጮህ የከረምን ሰዎች ዱላችንን ዝቅ አደረግን። 

ኦቦ ሁሴን ጢማቸውን ደባበሱ። «ኤዬ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «ለእንጨት ድቡልቡል በቅሎ አይሰጥም። ያውም የጥጆቼን ሣር ለሚረግጥ እግር! ወላሂ አይገባውም። ባላምባራስ ተረተዋል።»

ጥላዬ ኩታውን ፈትቶ ጨፈረ። ኦቦ ሁሴን ቀጠሉ። «ውርርዱስ የዳኛው አይደለም?»

«ነው!» አለ ጥላዬ። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና አፉን ያዘ።

ባላምባራስም ያን ጊዜ ገባቸው። እጃቸው ወደ ጎራዴው እጀታ ሄደ። በዙሪያው ሊያይ የመጣው የእኛ ሰው ሁሉ ጠመንጃ አንግቷል፤ ኦቦ ሁሴን የያዙት የከብት መንጃ አርጩሜ ነው። ከድንጋዩ ግን አልተነሱም። እኔ ከዚያ በኋላ የጦር ሜዳ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን አልፈራሁም።

አያ ዘለቀ እያነከሰ መሐል ገባ። ያንን አሮጌ ዱላ ሽቅብ አነሳና በዚያ በድሮ ድምፁ «በገና ጨዋታ!» ብሎ ጮኸ።

«አይቆጡም ጌታ!» አልን ሁላችን። መጀመሪያ ጥቂታችን፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። «በገና ጨዋታ! አይቆጡም ጌታ!» እየተቀባበልን፣ ዱላ ከዱላ እያጋጨን፣ እየዘለልን! ነገሩ የገና ነው፤ የተቆጣ ጌታ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የግጥም መጫወቻ ነው። ባላምባራስ ግራ ቀኝ አዩ። እጃቸው ከጎራዴው ወረደ። ከዚያ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፣ ከሆዳቸው ሳቁ። የበቅሎዋን ልጓም ራሳቸው ስበው አመጡና «ኮርቻውን ላውርደው ወይስ ይሁን?» አሉ።

«ዳኛ በባዶ ጀርባ ይቀመጣል?» አሉ ኦቦ ሁሴን። ልጓሙን ተቀበሉና ለአያ ዘለቀ ሰጡት። «እኔ የባሌ ሰው ነኝ፤ በቅሎ ላይ ከታየሁ ፈረሶቼ ይስቁብኛል። ነገ ከብት ይዤ ጊኒር እወርዳለሁ። ኢንሻአላህ አብረን እንደርሳለን። በል ኮርቻው ላይ ውጣ!»

አያ ዘለቀ አልቅሶ ወጣ። እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

የገና ዕለት ያለ እሱ ተጫወትን። ምን አለፋችሁ፣ ደቆሱን! ባላምባራስ በእግራቸው ዳገቱን ወጥተው፣ እያለከለኩ ሲደርሱ ታች ቤቶች ጠብቀው ተቀበሏቸው፦

በበቅሎ ተሟግተው በቅሏቸው ተበላ፣
ባላምባራስ መጡ በእግር ከሁሉ ኋላ።

አያ ዘለቀ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ተመለሰ። ከየሺ ምጥ በፊት ደርሶላታል፤ ሴት ልጅ ናት፣ የእሱ አፍንጫ ነው ያላት፣ ምስኪን። ኦቦ ሁሴንም ተመለሱ። አጥሩን ማጠር ቀረላቸው ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አልቀረላቸውም፤ እኛም ሣሩን መርገጣችንን አልተውንም። ዓለም በአንድ ፍርድ አትገለበጥም። ብቻ ኦቦ ሁሴን ማር ይዘው ሲገቡ ባላምባራስ ከመቀመጫቸው ብድግ ማለት አመጡ፤ ለምን እንደሚነሱ ለራሳቸውም የሚገባቸው አይመስለኝም። ጎባም አንድ ነገር ተማረች። ከዚያ ወዲህ ሰው ኩታ ከመቋጠሩ በፊት፣ መንገዱን አሻግሮ ማን እንደሚመጣ ያያል።

ጎረምሶቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ከዚያ አንደኛው «ታዲያ አባባ፣ የእኛው ሰውዬ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» አለ።

«ገንዘቡን ለምን እንደፈለገው ጠይቃችሁታል?»

«ባሕር ማዶ ነው ያለው እኮ!»

«እንግዲያው በማላውቀው ሰው አልፈርድም» አልኩ። «ውርርዱ ግን የዳኛው ነው።»

ተያዩ። ተሳሳቁ። ገዙልኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ ሁለተኛውን ፓስቲ እየጨረስኩ ነበር።